የተወለወለችው ጊታር

መስታወት የሚለውን ስም ያወጡለት የአናጺ ቤቱ ሰዎች ናቸው። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛ የምግብ ጠረጴዛዋን ልትረከብ መጥታ ጎንበስ ስትል ፊቷን አየችበት። ከቦርሳዋ ማበጠሪያ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ እያየች ፀጉሯን አበጠረች። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረሳ።

ሥራው የቤት ዕቃ መቀባት ነው። አናጺዎቹ ቆርጠውና ገጥመው የጨረሱትን እሱ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ይደፍናል፣ ቫርኒሹን ደራርቦ ይቀባል፣ በመጨረሻም በጨርቅ እያሸ ማብረቅረቁን ያወጣለታል። አሮጌ ዕቃ ሲመጣለት ደስታው ሌላ ነው። የትኩስ ብርጭቆ ክብ ምልክት የቀረበት ጠረጴዛ፣ ልጆች በምስማር የጫሩት ቁም ሳጥን፣ ውሻ እግሩን ያኘከው ወንበር ሁሉ ከእጁ የሚወጣው ትናንት የተሠራ መስሎ ነው። «ያረጀ ዕቃ የለም፣ ሰነፍ ባለቤት ነው ያለው» ይላል።

በዕድሜው ሁሉ ተመኝቷት እጁ ያልገባች አሮጌ ዕቃ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የታላቅ ወንድሙ ኤሌክትሪክ ጊታር።

ወንድሙ ጊታሯን የገዛት ገና ጢሙ በደንብ ሳይወጣ፣ ዕቃውን ሸጦ ከተማውን ከሚለቅ አንድ ሙዚቀኛ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በሆቴልና በጭፈራ ቤት ባንዶች ሲጫወት የኖረው በእሷ ነበር። ዳር ዳሯ ጠቆር ያለ፣ መሃሏ የማር ቀለም ያለው ጊታር ናት። ቀኝ ክንዱ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ቀለሙ አልቆ እንጨቱ ራቁቱን ወጥቷል። ጀርባዋን የቀበቶው ዘለበት ጫጭሮታል። አናቷ ላይ፣ መቃኛዎቹ አጠገብ፣ ሲጋራውን የክሩ ጫፍ ላይ ሰክቶ ሲጫወት ያቃጠለው ጥቁር ጠባሳ አለ። የቀረው ቀለም ደግሞ ውሃ እንደሸሸው ጭቃ በቀጫጭኑ ተሰነጣጥቋል።

መስታወት ይህን ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል።

«ወንድምጋሼ፣ ለሁለት ቀን ብቻ ስጠኝ። ሙሽራ አድርጌ እመልስልሃለሁ።»

«ሚስት አለችኝ፤ ሙሽራ ምን ያደርግልኛል?» ይለዋል ወንድሙ። መስታወት አላስችል ብሎት ጠርዟን በጣቱ ሊዳስስ ሲጠጋ ደግሞ ቀና ሳይል «እጅህን ሰብስብ» ይላል። ይህ ነገር በቤቱ ውስጥ ስንት ዓመት እንደተባለ የቆጠረ የለም። እንግዶች ሳይቀሩ ለምደውት እነሱ ይሉለት ነበር።

ወንድሙ አንዲት ልጅ አለችው። እሷም ጊታር ተጫዋች ወጣች። የራሷን ጊታር የገዛችው አባቷ ገና በሕይወት ሳለ ነው፤ ያው የአባቷን ጊታር የሠራው ፋብሪካ፣ የአባቷ የተሠራችበትን ዓመት ቅርጽና ቀለም አስመስሎ በቅርቡ ያወጣት አዲስ ጊታር። ከሳጥኗ ስትወጣ ጠርዟ ተፍቋል፣ ጀርባዋ ተጫጭሯል። መስታወት ማን እንደጣላት ጠየቀ። ማንም አልጣላትም፣ ከፋብሪካው እንዲህ ሆና ነው የምትወጣው አለችው። ለጭረቱ ተጨማሪ እንደሚከፈል ሲሰማ ወንበር ይዞ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። እሱ ሰው ከፍሎት ጭረት ሲያጠፋ የኖረ፣ ለካ ሌላ አገር ሰው ከፍሎ ጭረት ይገዛል።

አባትየው ግን አልሳቀም። አዲሷን ጊታር ከምሳ በኋላ ይዞ ተቀምጦ፣ ፀሐይ ከመስኮቱ እስክትሸሽ ድረስ ተጫወተባት። ከዚያ ለልጁ መለሰላትና ጥሩ ናት አለ። መቃኛዋ ከእሱ ጊታር የተሻለ ይይዛል፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ስትሰካ እንደ እሱ ጊታር እንደ ዝንብ ዝዝ አትልም። ልጅቷ የምትጠብቀው ይህን አልነበረም። የድሮው ይሻላል እንዲላት ነበር የፈለገችው። አባቷ ራሱን ነቀነቀ።

«በእኔም ዘመን ፋብሪካው መጥፎ ጊታር ይሠራ ነበር። መጥፎዎቹ ተሰብረው ማገዶ ሆኑ፣ ደህና ደህናዎቹ ተረፉ። ሰው የተረፉትን እያየ ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር ይላል።»

ከዚያ ግን የራሱን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ይቺ ደግሞ ክንዴን ታውቀዋለች» አለ።

ወንድሙ በኋላ በሳንባ ሕመም ሞተ። አልጋ ላይ እያለ ያሰበው የልጁን ነገር ነው። ልጅቷ ከከተማ ከተማ ከባንድ ጋር መንከራተቱ ታክቷት፣ ጊታር የምታስተምርበት ክፍል ከፍታ መቀመጥ ትፈልግ ነበር። አባቷ የእኔን ጊታር ሽጡና ክፍሉን ክፈቱ አለ። ልጅቷ ብትለምነው፣ ብታኮርፈውም ሐሳቡን አልለወጠም። ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ጊታር እንጨት ነው አላት። እንዲህ ያለች ጊታር ደህና ዋጋ እንደምታወጣ ያውቅ ነበር፤ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አሮጌ ጊታር የሚሰበስብ፣ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ጠይቆታል።

ሙት ዓመቱ ሲሞላ ልጅቷ ትምህርት ቤት አጠገብ ክፍል አገኘች። ባለቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቃት ተስማማ። ሐኪሙም ተደወለለትና ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ አለ። ልጅቷ እስከ ዓርብ ሌላ ከተማ ሥራ ስለነበራት ሄደች። ጊታሯ ከእናቷ ጋር ቀረች።

እናቷ፣ ማለት የመስታወት ወንድም ሚስት፣ አልጋ ሳታነጥፍ ከቤት ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ጊታሯን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ ብርሃን ላይ አየቻት። በነጋታው በንጹሕ አንሶላ ጠቅልላ አናጺ ቤት ይዛት መጣች።

መስታወት አንሶላውን ሲገልጥ ነገሩ ገብቶታል፤ ቢሆንም ጠየቀ።

«እትዬ፣ እሱ አይሆንም ይል ነበር እኮ።»

«እሱ የራሱ ስለሆነች ነው። አሁን ሰው ሊያያት ነው የሚመጣው። እኔ እንግዳ ባልተጠረገ ቤት አላስገባም።»

«ደህና አድርጌ ልሥራት?»

«ደህና አድርገህ። ለእሱ ስትል።»

መስታወት ሌላውን ሥራ ሁሉ አቆመ። ክሮቹን ፈታ፣ መቃኛዎቹን አወለቀ። ድምፅ የሚቀበሉትን ማግኔቶች ከነሽቦዎቻቸው አውጥቶ በለስላሳ ጨርቅ ጠቀለላቸው፤ እነሱን እንደማያውቃቸው ያውቃልና አልነካካቸውም። ብሎኖቹ ዝገዋል። ጣላቸውና አዲስ ገዛ። ከዚያ መፋቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው ወረቀት። የዘለበቱን ጭረት በስቱኮ ሞላ። የሲጋራው ጠባሳ ጋ ሲደርስ ጥቂት ቆመ። ከዚያ እሱንም ፋቀው። ጥልቅ ነበርና ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ዳር ዳሩን የሚያጠቁረውን ቀለም ለማግኘት ብዙ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞከረ፤ ልክ የወንድሙ ጊታር ድሮ በአዲስነቷ እንደነበረችው እስኪሆን ድረስ አልተወም። ቫርኒሹን ረጨ፣ አደረቀ፣ ፈገፈገ፣ እንደገና ረጨ። አናጺዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ያዩዋት ነበር። የእሱን ሥራ አመስግኖ የማያውቀው አለቃቸው እንኳ «ይቺንስ አጥብቀህ ያዛት፣ ሙልጭ ብላ ታመልጥሃለች» አለው።

ዓርብ ከሰዓት ልጅቷ የራሷን ጊታር እንዳዘለች ሳሎን ስትገባ፣ የአባቷ ጊታር ሶፋው ላይ ተቀምጣ መስኮቱንና መጋረጃውን ገላዋ ላይ ታሳያለች። እናቷ ሶፋው ጎን ቆማለች። መስታወት በሩን ተደግፎ ምርቃቱን ይጠብቃል።

ልጅቷ ቆማ ቀረች።

«ይቺ የማን ናት?»

«የአባትሽ ናታ» አለች እናቷ። «አጎትሽ ነው የሠራት።»

ልጅቷ ሄዳ ገለበጠቻት። ጀርባዋን አየች፣ አናቷን አየች። ከዚያ «ብሎኖቹስ?» አለች።

«ዝገው ነበር። አዲስ አደረግኩላት» አለ መስታወት። ድምፁ ውስጥ ገና ኩራት ነበረበት።

«የድሮዎቹን ነው የምልህ፣ አጎቴ።»

«ከመጋዙ ትቢያ ጋር ሄዱ።»

ልጅቷ ተቀመጠች። ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳትቆጣ ነገረቻቸው። ሐኪሙ የሚገዛው እንጨትና ሽቦ ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካው ጊታሯን በሠራበት ዓመት የቀባውን ያንን የተሰነጣጠቀ ቀለም፣ በዚያ ዓመት የገቡትን እነዚያን የዛጉ ብሎኖች ነው። ቀለሙን የፋቀ ሰው ከዋጋዋ ግማሹን አብሮ ፍቆታል፤ አንዳንዱ ሰብሳቢ ጭራሽ አይገዛትም። ይህን ስትል የራሷን ጊታር አውጥታ ከአባቷ ጊታር ጎን አስቀመጠች። የትናንቷ ተጫጭራና ተልጣ፣ የስንት ዓመቷ አብረቅርቃ።

እናቷ ሁለቱን አየች። «አባት ልጅ መስሎ፣ ልጅ አባት መስላ» አለች።

ልጅቷ ሳቅ አመለጣት። ግን ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሦስቱም የሚያስቡት ስለ ክፍሉ ነበር።

«ዓይን ሊኩል ሄዶ ዓይን አጠፋ ማለት እኔ ነኝ» አለ መስታወት።

«ኩሉን ያቀበልኩህ እኔ አይደለሁ?» አለች የወንድሙ ሚስት።

መስታወት ሁለቱን ጊታሮች ሲያይ ቆየና የልጅቷን አነሣት። ፋብሪካው የጫረውን በጣቱ ተከተለ። ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ ባንድ ቀን የሠራው ነው። ይህን እሱ ከዚህ አስበልጦ ይሠራዋል።

«እመልስላታለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«እርጅናዋን።»

ወዲያው ወደ አናጺ ቤት ሄደ። ከተሰበረ አልጋ የተረፈ ጣውላ አነሣ፣ እንደ ጊታሯ አድርጎ ቀባው፤ ላዩንም ቶሎ የሚደርቅና ተሰባሪ የሆነ ስስ ቫርኒሽ አለበሰው። ዕድሜ ልኩን ሲሸሻቸው የኖረውን ጥፋቶች ሁሉ ያን ቀን ጠራቸው። አንድ ጊዜ ጸሐይ ላይ ውሎ ቀዝቃዛ ክፍል የገባ ቁም ሳጥን ቀለሙ ተሰነጣጥቆበት ነበርና፣ ጣውላውን ምድጃ አጠገብ አሙቆ ከጎረቤት ሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ በለስላሳ ጠርሙሶቹ መሃል ከተተው። ባለ ሱቁ ይሄ ደግሞ የምን ሥጋ ነው ብሎ ቀለደበት። ጣውላው ሲወጣ ተሰነጣጥቋል። ጠርዙን በክንዱ ልክ በሻካራ ጨርቅ አሸው፣ በዘለበት ጫረው፣ ጫፉን በጋለ ምስማር አቃጠለው፣ በጥላሸትና በዘይት አቆሸሸው።

ቅዳሜ ጠዋት ጣውላውን ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት መጣ። ልጅቷ ተቀብላው ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ብዙ አገላበጠችው። ሐኪሙ ከሰዓት ነው የሚመጣው፤ ሌላ ቀን እንዲሆን ከተለመነ ጊታሯ እንዲህ ሆና ትደርሳለች አለ መስታወት። ብሎኖቹንም ቢሆን ዝገት ያሲዛቸዋል። ልጅቷ እናቷን አየች።

እናቷ ጣውላውን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገች። አውራ ጣቷን የተቃጠለው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ በምን ነው?»

«በጋለ ምስማር።»

«የእሱን ታስታውሰዋለህ? ይቺ ልጅ መወለዷን ሰው ልኬ ሥራ ቦታው ያስነገርኩት ቀን ነው። ሲሰማ ሲጋራውን ክሩ ላይ ረሳው። እንጨቱ ሲጨስ ሰው ነው የጮኸለት።»

መስታወት ይህን አያውቅም ነበር። ልጅቷም አታውቅም።

«ሰውየው ያምንህ ይሆናል» አለች እናትየው። «እኔ ግን ከዛሬ ወዲያ ጊታሯን ባሰብኩ ቁጥር የማየው ምስማሩን ነው። የጠፋው ጠፍቷል። በውሸት አትሙላብኝ።»

መስታወት ጣውላውን ግድግዳው ሥር አቆመውና ሐኪሙ እስኪመጣ ድረስ ከቤቱ አልወጣም። ራሱ ሊነግረው ፈለገ።

ሐኪሙ ግን መነገር አላስፈለገውም። ገና ከበሩ ሶፋው ላይ ሲያያት ፊቱ ወደቀ። ቢሆንም ጨዋ ሰው ነውና ተቀመጠ፣ ከኪሱ ትንሿን መብራትና የጥርስ መመርመሪያውን መስታወት አውጥቶ ውስጧን ተመለከተ፤ አፍሽን ከፍተሽ ቁጭ በይ የሚላት ይመስል ነበር። መስታወት ከጎኑ ቆሞ የሠራውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው። ሐኪሙ ማግኔቶቹና ሽቦዎቹ እንዳልተነኩ አየ፤ ይህን አደነቀ። ልጅቷ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰክታ ተጫወተችለት፣ ቀጥላም በራሷ ጊታር ተጫወተች። የድሮዋ ድምፅ ያው ነው፣ አባትሽን ሰማሁት አላት። መግዛቱን ግን አልቻለም። እሱ የሚሰበስበው ሰው ያልነካካውን ነው።

«ወንድሜ ከዚህ በላይ እንዴት ይነካካት?» አለ መስታወት።

ሐኪሙ ሳቀ። «የተጫዋች እጅ ማለቴ አይደለም። የእርስዎን እጅ ማለቴ ነው።»

ሊሄድ ሲነሣ ግድግዳው ሥር ያለውን ጣውላ አየ። ጎንበስ ብሎ አነሣውና ፊቱ ተለዋወጠ። ይሄን የመሰለ ጊታር የቆራረጠው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። የአልጋ ጣውላ መሆኑን፣ ትናንት የተሠራ መሆኑንም ሲነግሩት መብራቱን እንደገና ከኪሱ አወጣ። ጊታሯ ላይ ቢሆን፣ ቀለሙን ባምን እንኳ ብሎኖቹ ይነግሩኝ ነበር አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ቀጥሎ ቤቱ ሁለት አዲስ ጊታሮች እንዳሉት ተናገረ፤ የድሮ አምሳያዎች፣ ግን ከፋብሪካ እንደ ሳሙና ለስልሰው የወጡ። ለራሱ መጫወቻ የያዛቸው ናቸው። መስታወት እንዲህ ሊያደርግለት ይችላል?

መስታወት ወደ ወንድሙ ሚስት አየ።

«አዲስ መሆናቸውን ካወቀ ውሸት አይደለም» አለች። «ግን ያስረጀኸው አንተ መሆንህን ጻፍበት። ነገ ሌላ ሰው እጅ ይገባል።»

ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ክፍል ወሩ ሲያልቅ ለፀጉር አስተካካይ ተከራየ። ልጅቷ ሌላ ወቅት ከባንዱ ጋር ዞረች። በዚያ መሃል የሐኪሙ ጊታሮች ሌሎችን አመጡ፤ መስታወት የጠረጴዛውን ሥራ ሳይተው በሳምንት አንድ ቀን አዲሱን ያስረጅ ጀመር። በየጊታሩ፣ ክሮቹ ሥር ካለው ፕላስቲክ ጀርባ፣ «እርጅናዋ የእኔ ሥራ ነው፤ መስታወት» ብሎ ይጽፋል። አለቃው ያንተ ነገር አይገባኝም፣ ግማሹን ታሳድሳለህ ግማሹን ታስረጃለህ ይለዋል። ቢሆንም ሥራው ለአናጺ ቤቱም ገቢ አመጣና፣ በመንገዱ በኩል ያለችው የጣውላ ማስቀመጫ ክፍል ተጠርጋ ለልጅቷ ተሰጠች። ጠባብ ናት፤ መጋዙ ሲነሣ ትምህርቱ ይቋረጣል። መስኮት ግን አላት።

የራሳቸው ጊታር የሌላቸው ተማሪዎች የሚማሩት በአባቷ ጊታር ነው። ልጅ ሁሉ ያነሣታል፣ ልጅ ሁሉ ክንዱን ያሳርፍባታል። እናቷ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። አንድ ቀን መስታወት ሊያያቸው ገብቶ ጊታሯን ከመስቀያዋ አወረዳት። ጠርዟ ላይ፣ ክንድ የሚያርፍበት ጋ፣ የመዳፍ ያህል ቦታ ማብረቅረቁን ትቷል። ወደ መስኮቱ አዞራት። አልተሳሳተም። ሳያስበው እጁ ኪሱ ውስጥ ወዳለው የማሻ ጨርቅ ሄደ።

የወንድሙ ሚስት ከስፌቷ ቀና አላለችም።

«እጅህን ሰብስብ» አለች።

መስታወት ጨርቁን ኪሱ ውስጥ መልሶ ጊታሯን ሰቀላት።